«ደረሰ» ብዬ የመለስኩት ቴሌግራም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ጓደኞቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓቱ በቀን አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ዕድሜ ልኬን ከሁለት ሰከንድ ጋር ስታገል ለኖርኩ ሴት ይህን መሸለም ሹፈት ይመስላል፤ ግን ልጆቹ ሥራዬ ምን እንደነበር በቅጡ አያውቁምና አልፈርድባቸውም። እነሱ ሲቀጠሩ ቴሌግራም የምንልክበትና የምንቀበልበት ማሽን፣ ቴሌፕሪንተሩ፣ አቡጀዲ ለብሶ ጥግ ቆሟል። እንዲያውም አንዷ፣ «እትዬ አስካለ፣ ይሄ የልብስ ስፌት መኪና የማን ነው?» ብላኛለች። ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት። አሁን ሮቤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ደህና መልስ ይገባት ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሷም ጭምር ነው።

በንጉሡ ዘመን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። አያቴ ከሸዋ የመጡ ሰው ነበሩ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን ቤት ውስጥ በአማርኛ ተቆጥተውን ደጅ በኦሮምኛ ስንጫወት ያደግን ነን። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ቴሌግራፍ ቤቱ የእጅ ጽሑፏ የሚነበብ ልጅ ይፈልጋል ተባለ። የጽሑፉ ነገር እንዲህ ነው። ያ ማሽን የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ስለነበር ሰው የነገረንን አማርኛ በፈረንጁ ፊደል እየመታን እንልካለን፤ ከአዲስ አበባ የመጣልንን ደግሞ ወደ ራሳችን ፊደል መልሰን በቅጹ ላይ በእጃችን እንጽፋለን። የእኔ ጽሑፍ ቆንጆ ነበር። ከቆንጆ ነገሬ ሁሉ ያቺ ብቻ ናት እንጀራ ያበላችኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን ለመቀበል የሚፈረመው ወረቀት ግን ብዙ ነበር። ስለ ሁለቱም ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ገብረየስ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማይለዩ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ነበሩ። ማለዳ እንደገቡ የማሽኑን ቁልፎች አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውላሉ። ከዚያ ቀይ እርሳሳቸውን ይቀርጻሉ። ቀይ እርሳሱ የጥርጥር ነበር። ከመጣው መልእክት ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ካልጠራችላቸው ይከቧታል፤ ደግመው ይጠይቃሉ። መልስ ካልመጣ ቅጹን ከነክቡ ይሰጡና ለባለቤቱ፣ «ይቺን አላየኋትም፣ እንዳይታመኑባት» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ ደስ አይላቸውም ነበር፤ ቢሆንም ይላሉ።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰከንድ ልምጣ። በሽቦው ላይ ፊደሎቹ ተራ ይዘው አንድ በአንድ ነው የሚመጡት። ማንም ሳይጽፍ ሲቀር ኤሌክትሪኩ ዝም ብሎ ይፈስሳል። ተቀባዩ መስማት ካልቻለ፣ ማለትም ፊደሉ ካልጠራለት፣ እና ላኪውን «ቆይ» ማለት ከፈለገ አንዲት ቁልፍ አለች፤ እኛ ማቋረጫ እንላታለን። እሷን ሲጫኗት ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ላኪው የራሱ ማሽን መጻፉን ሲተውበት አይቶ እጁን ያነሣል። ጣጣው የሚመጣው ከመጠኑ ነው። ቶሎ ከለቀቋት የዚያኛው ማሽን አንዲት የተበላሸች ፊደል የመጣች ይመስለውና ላኪው ነገሬ ሳይል ይቀጥላል። ብዙ ከያዟት ደግሞ ሻሸመኔ ያለው መገናኛ የጎባ መስመር ተበጥሷል ብሎ ሽቦውን ለሌላ ከተማ ይሰጠዋል። ክረምት ላይ ያን መስመር መልሶ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጋሽ ገብረየስ ልኩን የሚያውቁት በጸሎት ነው። ቁልፏን ይጫኑና ሳይቸኩሉ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ይለቃሉ። በቃ፣ ልኩ ያ ነው። ሌላም ጠባይ ነበራቸው። ማቋረጫውን ሲጫኑ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ ባርኔጣቸውንም በግራ እጃቸው ያነሣሉ።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው አያይዎትም እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የሰው ንግግር ነው የማቋርጠው፤ ተቀምጬ ላቋርጥ?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ደግሞ ስሚ፤ ማቋረጥ እንዲህ ይከብዳል፤ ሳይሰሙ ሰማሁ ማለት ግን ከዚህም የከፋ ነውር ነው» አሉ።

ይህ ለእኔ ቀላል ትምህርት አልነበረም። እኛ ቤት ታላቅ ሰው ሲናገር አፉን መንጠቅ በአለንጋ ያስገርፍ ነበር። ጆሮዬ የተሠራው ዝም ብሎ ለመስማት ነው።

ለስድስት ወር ጊኒር ተልኬ ሳለሁ ከድር ከሚባል የዚያው የጊኒር ልጅ ጋር በአንድ ማሽን ሠራሁ። የመጀመሪያውን ቀን በስመ አብ ብዬ ሳቋርጥ ሰምቶ ሳቀብኝ።

«አካም፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ አስካለ? መስመሩን ታጠምቂዋለሽ እንዴ?» አለ። በእሱ ተራ ደግሞ ቁልፏን ተጭኖ «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» ሲል ሰማሁት። እኔ በልቤ የእኔን አልኩ። እኩል ጨረስን። ከዚያ በኋላ ከድር ሲስቅብኝ መልስ አላጣሁም።

ወደ ጎባ በተመለስኩ በዓመቱ፣ ክረምት ላይ፣ አዲስ አበባ ካለው ማሽን ፊት አንድ አዲስ ላኪ ተቀመጠ። ፊቱን አይተነው አናውቅም፤ አመታቱን ግን እናውቀዋለን። እንደ በረዶ ያወርደዋል። ያቋረጠውን ሰው በሽቦው ላይ ይሳደባል። ለእኔም፣ «ጎባ፣ ተኝታችኋል?» ብሎ ጽፎልኛል። ያን ቀን ኃላፊያችን ከኋላዬ ቆመው ነበርና ወረቀቱን አነበቡት። እኚህ ኃላፊ ማኅተማቸውን በመሐረብ ጠቅልለው የሚይዙ፣ ከሥራ ማባረር የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ባይ አንቺን አያድርገኝ» ብለውኝ ሄዱ።

እማማ ደብሪቱን ጎባ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአንድ ልጅ ሌላ የሌላቸው፣ ፈትል እየሸጡ የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ለማ ወታደር ነው። አራት ዓመት አላዩትም። በሐምሌ አንድ ቴሌግራም መጣላቸውና እኔው ቤታቸው ድረስ ወስጄ አነበብኩላቸው። የለማ ጦር ቦረና በኩል ወዳለው ጠረፍ ይዛወራል፤ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት በካሚዮን ሻሸመኔ ያልፋሉ፣ እዚያም ለቁርስ ይቆማሉ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጠብቂኝ፣ ከዚህ በኋላ ፈቃድ የማገኘው ከሦስት ዓመት ወዲያ ነው ይላል። እማማ ደብሪቱ ቅጹን ከእጄ ወስደው ማንበብ እንደሚችል ሰው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሁለቱን ጉንጮቼን ይዘው ሳሙኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ገብረየስ ሮቤ ለቅሶ ሄደው ነበር። ተራራው ጉም ለብሷል፣ ዝናቡም አላባራም። ያ በረዶ ሰውዬ መላክ ጀመረ። «ለወይዘሮ ደብሪቱ፣ ጎባ። እማዬ የምናልፍበት ቀን» የሚለው ደህና መጣ፤ ከዚያ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጋጩ ጀመር። ማቋረጫውን ተጫንኩ። በስመ አብ አልኩ። ወወልድ ላይ ስደርስ የኃላፊያችን ኮቴ በኮሪደሩ ተሰማኝ። ስድቡ ታየኝ፣ መስመሩ ሲጠፋም ታየኝ፣ ጣቴን አነሣሁ። ሰውየው ምንም አልተሰማው፤ እያወረደው ሄደ። እንደገና ልጫን ብዬ እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ፊደሉ መጥራት ሲጀምር መልእክቱ መጨረሻው ላይ ደርሷል፤ «ሻሸመኔ ጠብቂኝ። ልጅሽ ለማ» ይላል።

«ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ ሰውየው፤ ደንቡ ነው።

«ደረሰ» ብዬ መለስኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። የፈራሁት እውነት ነው። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እኔ እኮ የእማማ ደብሪቱን ጉዳይ ከማሽኑ በላይ አውቀዋለሁ! የመጀመሪያውን ቴሌግራም ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ጓጉቶ ያንኑ ደግሞ ሊያስታውሳቸው ነው አልኩ። በትንሽ ከተማ ስንኖር የሁሉን ሰው ነገር የምናውቅ ይመስለናል። በዚያ ቆንጆ ጽሑፌ፣ «እማዬ የምናልፍበት ቀን ቅዳሜ ነው። ሻሸመኔ ጠብቂኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቀይ እርሳሱ እዚያው ፊቴ ነበር፤ አልነካሁትም።

ዓርብ ማለዳ እማማ ደብሪቱን አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ በቆርቆሮ ጩኮ ይዘዋል፤ የገብሱን ዱቄት በቅቤ ያሹት ራሳቸው ናቸው። «ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር አይወድም» አሉኝ። እንደ ሙሽራ ይቁነጠነጡ ነበር።

ማክሰኞ ተመልሰው ቢሯችን መጡ። ነጠላው ጭቃ ነክቶታል።

«አልመጣም» አሉ። «ቅዳሜ ወታደሮች አለፉ፤ በየካሚዮኑ እየዞርኩ ተጣራሁ፤ ለማ የሚባል አናውቅም አሉኝ። እሑድንም ቆየሁ። ጩኮውን ለእነዚያ ልጆች ሰጠኋቸው፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ምን ሆኖብኝ እንደሆነ ጠይቁልኝ።»

ጋሽ ገብረየስ መልእክቱን በቁጥሩ ጠርተው ከአዲስ አበባ አስደገሙት። ቁጭ ብዬ ወረቀቱ ሲወጣ አየሁ። «የምናልፍበት ቀን ወደ ሐሙስ ተለውጧል» ይላል። ጋሽ ገብረየስ ከሣጥኑ ማሽኑ ባለፈው ማክሰኞ ያተመውን የወረቀት ጥቅልል አወጡ፤ የተጋጩት ፊደሎች እንዳሉ ናቸው። እኔ የጻፍኩትን ቅጂ ከጎኑ አስቀመጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አስካለ፣ ይቺን ቅዳሜ ከየት አመጣሻት?» አሉኝ።

ወጥቼ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት እማማ ደብሪቱ እግር ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለማ ሐሙስ አልፏል፣ ቀኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሳልሰማ ነው የሰማሁ ያልኩት አልኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሐሙስ?» አሉ በመጨረሻ። «ሐሙስ እኮ ገብሱን እየቆላሁ ነበር።»

እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ የከበደ ነገር ሰው ተናግሮኝ አያውቅም።

ጥቂት ቆይተው ተነሡና መልእክት መላኪያው መስኮት ጋ ቆሙ። ለለማ ቴሌግራም ላኪልኝ አሉኝ። ብዕሬን ይዤ ቃላቸውን ጠበቅሁ።

«ልጄ፣ መጥቼ ነበር። ጎርፍ መንገድ ዘግቶብኝ ዘገየሁ። ይቅር በለኝ። እናትህ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። «እማማ፣ ይሄ እውነት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስሜን ጠርተው ይንገሩት» አልኳቸው።

«ለእሱ ብነግረው ለአለቆቹ ይናገራል፤ የሱ አለቆች ለአንቺ አለቃ ይጽፋሉ። እኚያ ባለማኅተም ሰውዬ ደግሞ አንድ ቀን አያሳድሩሽም። እናትሽን፣ ወንድሞችሽን ማን ሊያበላቸው ነው?» አሉኝ። «ለማ የእኔ ልጅ ነው። ቢቆጣም ተመልሶ ለእኔው ነው። አንቺን ግን ይሄ ቤት አንዴ ካባረረሽ አይመልስሽም። በሕይወት እስካለሁ ለማንም ላትናገሪ ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። ወደ ጋሽ ገብረየስ ዞርኩ፤ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«የሰው ቃል ነው፣ እንዳለችው ላኪው» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ከራስሽ ጨምረሻል፤ ሁለተኛ አይሆንም።»

ፊደል ሳልጨምር ሳልቀንስ ላክሁት። ጋሽ ገብረየስም ነገሩን ለኃላፊው ሳይናገሩ ቀሩ። እሳቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያን ሰሞን ሌላ ሰው መስለው ሰነበቱ። እኔን አልቀጡኝም። ግን ለአንድ ወር በየጠዋቱ፣ መስመሩ ሳይከፈት፣ ከጎናቸው አስቀምጠው ማቋረጫውን ያስጫኑኝ ነበር። ብድግ በይ፣ ጸሎትሽን አንድም ሳታስቀሪ ጨርሺ፣ ልቀቂ ይሉኛል። ማንም በሌለበት ሽቦ ላይ ስንት መቶ ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። አንድ ጊዜ ሳለቅስ አዩኝና መሐረባቸውን ሰጥተውኝ፣ «በይ አሁን ደግሞ እንደገና» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያንን በረዶ ሰውዬ በአንድ ጠዋት አምስት ጊዜ አቋረጥኩት። «ጎባ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» ብሎ ጻፈ። «ጌታዬ፣ አልሰማሁም» ብዬ መለስኩለት። ተሳደበ፤ ደግሞ ላከው። ስድብ አይገድልም፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከለማ አንዲት አጭር ደብዳቤ መጣች። «ምንም አይደለም እማዬ» የሚል ነው፤ ሌላ ብዙም የለውም። ቀጥሎ ለፋሲካ አንድ መጣ። ከዚያ ቀረ። እማማ ደብሪቱ በየገበያው ቀን ሲያልፉ በመስኮቱ ብቅ ይላሉ።

«ምንም የለም?»

«የለም እማማ።»

«ጠረፍ ነው፣ ፖስታ አይደርሳቸውም» ይሉኛል እኔን ለማጽናናት። ልክ የእኔ ልጅ የጠፋ ይመስል። እኔ ደግሞ ከዚያው ከጠረፉ ለሌሎች እናቶች ደብዳቤ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነቱን ልጻፍለት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው፤ «መሐላሽስ?» አሉኝ። ሦስተኛው ዓመት ሊሞላ ስድስት ወር ሲቀረው፣ በጥር፣ ሳምባ ምች አልጋ ላይ ጣላቸው። በአምስተኛው ቀን ሞቱ። የሞታቸውን ቴሌግራም ለለማ ጦር የላክሁት እኔ ነኝ።

ለማ ለአርባቸው ደረሰ። ከአውቶቡስ እንደወረደ፣ ሻንጣውን እንደያዘ፣ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኛ ቢሮ ነው። ዓይኑ ቁርጥ የእናቱ ነው።

«በዚያ ክረምት ጎርፍ መንገድ ዘጋ የሚለውን ቴሌግራም የላክሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ጎርፉ የት ጋ ነበር? ከእኛ ጋር አንድ የዶዶላ ልጅ ነበር፤ ዶዶላ እዚሁ በሻሸመኔ መንገድ ላይ ናት። በዚያ ሳምንት ከአገሩ የመጣ ነው፤ አውቶቡሱ አንድ ቀን አልተቋረጠም አለኝ።»

ለካስ ውሸት መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል። ጋሽ ገብረየስ ከማሽናቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ጎርፍ አልነበረም» አልኩት። ከማክሰኞው ጉም ጀምሬ አግዳሚው ድረስ፣ ከአግዳሚው እስከ መሐላው፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ራሴን ለማዳን የጨመርኩት ቃል የለም። ስጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

«ዋሸችኝ ብዬ እኮ ነው መጻፍ የተውኩት» አለ ከቆቡ ሥር። «ሳትመጣ መጣሁ አለችኝ፣ ረስታኛለች ብዬ። ሦስት ዓመት ተቀየምኳት።»

«ቅዳሜን ሙሉ ቆመው ጠብቀውሃል፤ እሑድንም እስኪመሽ» አልኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምለውኝ ነበር። በሕይወት እስካለሁ ነው ያሉት። ዛሬ ነው ነፃ የወጣሁት።»

ይመታኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም አልፈርድበትም። ተነሣና፣ «መቃብሯን አሳዪኝ» አለኝ። ጋሽ ገብረየስ ወንበሬን ስበው ተቀመጡበት። «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ገና ሣር ያልበቀለበትን አፈር በጣቴ አሳየሁት። ተንበረከከ። በሥራዬ የጎባን ሰው ሁሉ ሠርግና ሐዘን ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ለማ ለእናቱ የሚለውን ግን መስማት አልፈለግሁም። እስከ ቅጥሩ በር ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ብዙ ቆየ።

ሲመጣ ዓይኑ አብጧል።

«በይ ወደ ሥራሽ ልመልስሽ» አለኝ። «እናቴ በእኔ ኩርፊያ የገዛችልሽ ሥራ ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳይጎድል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ታምሜም ቢሆን ከሥራ ቀርቼ አላውቅም።